ያልተረጎምኩት የአባባ ምክር

ዛሬ አባቴ ለልጆቼ «ያንን ቤት ያዳንኩት እኔ ነኝ፤ አባታችሁን ጠይቁት፣ አስተርጓሚዬ እሱ ነበር» ሲሉ ሰማሁ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ነው። ላስ ቬጋስ ውስጥ እኔና አባባ በመኪናዬ ስናልፍ፣ አንድ በቪክቶሪያ ዘመን አሠራር የተሠራ አሮጌ የእንጨት ቤት ለካዚኖ፣ ለቁማር ቤት፣ ቦታ ሊለቅ፣ ከነሹል ጣሪያው እንዳለ በከባድ መኪና ተጭኖ አገኘነው። የበረንዳው እንጨት እንደ ዳንቴል ተፈልፍሏል።

አባባ አናጢ ናቸው። ፓርክ አስደረጉኝ። «ሰንሰለቱን ያሰሩበት ምሰሶ ለጌጥ የቆመ ነው፣ ክብደት አይችልም። ንገራቸው» አሉኝ።

የሥራ ሺፍቴ ሊጀምር አሥር ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ደግሞም ለባለሙያዎቹ ሥራቸውን ልነግራቸው አፈርኩ። ለሠራተኞቹ አለቃ «አባቴ ቤቱ ያምራል ይላሉ» አልኩት። ሰውዬው ፈገግ ብሎ አውራ ጣቱን አሳየን።

«ገባው» አሉ አባባ፣ ደስ ብሏቸው።

መኪናው እስኪታጠፍ ምሰሶው ሲንቋቋ ትንፋሼን ያዝኩ። ደግነቱ ቻለ።

ዛሬ ትንሿ ልጄ «ዳዲ፣ ምን አልካቸው?» አለችኝ። አባባም መልሴን ይጠብቃሉ።

«አባባ ያሉትን» አልኩ።

እናንተስ ለወላጅ ስታስተረጉሙ የዋጣችሁት ነገር አለ? እዚሁ ጻፉልኝ። አባባ ፌስቡክ የላቸውም። ልጄ ግን አማርኛ ማንበብ ጀምራለች፤ የሚያስተምሯት ደግሞ እሳቸው ናቸው።