ከገጽ አሥራ አንድ በፊት

ይርጋነሽ ከሁሉ አብልጣ የምትወደው መጽሐፍ ሽፋን አልነበረውም። ርዕሱን አታውቅም፤ የደራሲውንም ስም አታውቅም። ያገኘችው ቢቸና፣ ከገበያው ከፍ ብሎ፣ ጋሽ ኃይለ ሚካኤል መጽሐፍ ከሚያከራዩባት የቆርቆሮ ሱቅ ነው። እዚያች ሱቅ የገባ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር መጀመሪያ ሽፋኑን ይጥላል፤ ቀጥሎ የፊት ገጾቹን። ጋሽ ኃይለ ሚካኤል የተረፈውን በወስፌና በሲባጎ ይሰፉና፣ የተበላውን ጠርዝ በመቀስ አስተካክለው በሲሚንቶ ወረቀት ይለብጡታል። የገጹ ቁጥርም ከጠርዙ ጋር ይሄዳል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ መጀመሪያ የለውም» ብላቸው ነበር አንድ ቀን ጓደኛዋ ዘሪቱ፣ ከመሐል የሚጀምር የፍቅር መጽሐፍ ይዛ።

«መጀመሪያውማ የሁሉም አንድ ነው፤ ሰው ተወለደ ነው» አሏት ጋሽ ኃይለ ሚካኤል፣ ሲባጎውን በጥርሳቸው እንደያዙ። «ይልቅ መጨረሻው መኖሩን እይና አመስግኚ።»

የይርጋነሽ መጽሐፍ ግን እንደዚያኛው አልነበረም። ከገጹ አናት፣ በደህና ዓረፍተ ነገር ይጀምራል። ጎደለ ብሎ የጠረጠረ ሰው አልነበረም።

1980ዎቹ ሊያልቁ የተቃረቡበት ጊዜ ነው። ይርጋነሽ፣ ዘሪቱና ደምለው የአንድ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ። ከትምህርት ቤት ሲወጡ የሱቋን ግድግዳ ተደግፈው ይቀመጡና አንዱ የሚወደውን መጽሐፍ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ይጠራል። ሌሎቹ የትኛው መጽሐፍ እንደሆነ ማወቅ አለባቸው። ርዕስ ስለሌለ ያወቀ ሰው ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ይጠራል፤ ያላወቀ እንደ እንቆቅልሹ አገር ይሰጣል።

«በቅሎዋ ብቻዋን ተመለሰች» ትላለች ይርጋነሽ።

«ኮርቻው ባዶ፣ ልጓሙ መሬት ለመሬት እየተጎተተ» ትላለች ዘሪቱ፣ ከአፏ ነጥቃ።

«እናንተ ደግሞ ከዚህች በቅሎ ሌላ ከብት የላችሁም?» ይላል ደምለው። እሱ የሚወደው ሌባና ፖሊስ ነው።

በቅሎዋ ብቻዋን የተመለሰችበት ቤት ውስጥ አንዲት ሚስት አለች። ባሏ በበቅሎዋ ወጥቶ ቀረ። ሞተ የሚል አለ፤ ሌላ አገባ የሚል አለ። እሷ ከዚያ ቤት አትወጣም። ሽማግሌ ይመጣል፣ ትመልሳለች፤ ወንድሞቿ ይመጣሉ፣ ትመልሳለች፤ ጸጉሯ እስኪሸብት ደጁን እያየች ትኖራለች። ሁለቱ ልጃገረዶች እያነበቡ ያለቅሳሉ። ፍቅር ማለት ይህ ነው ይባባላሉ።

አንድ ቀን ዘሪቱ መልሱ ጠፋባት።

«አገር ስጪኝ!» አለች ይርጋነሽ።

«እሺ፣ ሞጣን ሰጠሁሽ።»

ይርጋነሽ ብድግ ብላ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ሞጣ ሄጄ፣ ጠጁን ጠጥቼ፣ ጮማውን ቆርጬ፣ ጎረምሳውን ንቄ፣ ለዘሪቱ አጥንቱን ልኬ!» ሦስቱም እየሳቁ ተንከባለሉ። ጋሽ ኃይለ ሚካኤል በመስኮት ብቅ ብለው «ደንበኛ አታባርሩብኝ!» ብለው ተቆጧቸው።

ዘሪቱ ይህን ቀን ስታስታውስ «ያኔ አፌን በቆረጠው» ትላለች።

ምክንያቱም ይርጋነሽ ሞጣ ተዳረች። የመምህራን ማሠልጠኛ ልትገባ ተዘጋጅታ ሳለ አባቷ ሞቱ፤ ዓመታቸው ሳይወጣ ሽማግሌ መጣ። ሙሽራው የሻው ሞጣ ወፍጮ ቤት ሊከፍት ደፋ ቀና የሚል ሰው ነበር። «ትምህርቴንስ?» ብላ ጠየቀችው፣ ፊት ለፊት። «እሺ፣ ሞጣም ሆነሽ ትማሪያለሽ» አላት።

የሻው ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይቀል ነበር። አንድም ቀን እምቢ ብሏት አያውቅም። «እሺ ይርጌ፣ ወፍጮው ትንሽ ይረጋጋ።» ወፍጮው ተረጋጋ። «እሺ፣ ይቺ ክረምት ትለፍ።» አለፈች። ልጅ እግዜር አልሰጣቸውም። ከዚያ እናቱ እማማ ፈንታዬ አንድ ጠዋት ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው፤ ከመደባቸው መነሳት ቀረ፣ ንግግራቸውም ተሳሰረ። ከሰው ሁሉ የይርጋነሽን እጅ ለመዱ። «እሺ፣ እናቴን ትንሽ ይሻላት» አለ የሻው። ቤቱ ያለው ከወፍጮው ጀርባ ነው። ዱቄቱ ቅንድብ ላይ፣ ውኃው ላይ፣ ታቦት የሚነግሥበት ቀን በሚለበሰው ነጠላ ላይ ሳይቀር ይሰፍራል። ድምፁ ከጠዋት እስከ ማታ ስለማይቆም ይርጋነሽ ጮክ ብላ ብትናገር የሚሰማት የለም። እህል እየመዘነች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፦ በቅሎዋ ብቻዋን ተመለሰች። ኮርቻው ባዶ። የመጽሐፉ ሚስት ያን ሁሉ ዓመት ከታገሠች እኔ ምን ሆንኩ ትላለች።

ሁለት ሺህ ከገባ ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ ከፋሲካ በኋላ ዘሪቱ ስልክ ደወለች።

«ስሚኝ፣ ቢቸና የሕዝብ ንባብ ቤት ተከፍቷል። መጽሐፍ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። ያንቺን ስም ነገርኳቸው፤ እሺ ብለዋል። ግንቦት ሲገባ፣ በመጀመሪያው ሰኞ፣ በአካል መገኘት ነው። ከዚያ ካለፈ ለሌላ ይሰጣል።»

«እኔ?»

«አዎ፣ አንቺ። ከፈለግሽ ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ። እሱም ከፈለገ ቅዳሜ ቅዳሜ ይምጣ፤ መንገዱ እንደሆነ ያው የአንድ ቀን እንኳን አይደለም። ሞጣን የሰጠሁሽ እኔ ነኝ፤ ቢቸናንም ሰጥቼሻለሁ። ነይና ውሰጂ።»

ይርጋነሽ ለየሻው ልትነግረው አፏ ላይ አድርሳ መለሰችው። እሺ እንዳይላት ፈራች።

በዚያ ሰሞን ግቢያቸው ውስጥ አንድ ክፍል የተከራየች ሉሊት የምትባል መምህርት ነበረች፤ አገሯ ደብረ ዘይት ነው። እሑድ ከሰዓት ወፍጮው ዝም ሲል የሥራ ባልደረባዋ ባየ፣ የሉማሜ ተወላጅ የሆነው የአማርኛ መምህር፣ ይመጣና በረንዳው ላይ ሻይ ይጠጣሉ። አንድ እሑድ ሉሊት «እትዬ፣ ነይ ተጫወቺ፤ የመጽሐፍ መጀመሪያ እየጠራን ነው» አለቻት። ይርጋነሽ ልቧ ዘለለ። ከዘሪቱና ከደምለው ሌላ ይህን ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስላትም ነበር።

ባየ ሁለት ጠራ፤ አንዱን አወቀችው። ተራዋ ደረሰ።

«በቅሎዋ ብቻዋን ተመለሰች።»

ሁለቱ መምህራን ተያዩ።

«ከየት የመጣች በቅሎ ናት?» አለ ባየ።

«መጽሐፍ ነው።»

«ርዕሱ?»

«እኛ የበቅሎዋ ነው የምንለው።»

«ደራሲው ማን ነው?»

«እሱንም አላውቅም።»

«ርዕስ የለው፣ ደራሲ የለው! እታለም፣ ይሄንንስ አንቺው ነሽ የደረስሽው። እኛ የወፍጮ ቤት እመቤት መስለሽን፣ ለካ ተደብቀሽ ትጽፊያለሽ?» ባየ በክፋት አልነበረም፤ ሳቅ ይወዳል። ይርጋነሽን ግን ሳቁ አልነበረም የጎዳት። መጽሐፉ የለም ይሆን ብላ ደነገጠች። መጽሐፉ ከሌለ ሱቋም፣ ግድግዳውም፣ ያቺ እጇን ወገቧ ላይ ያደረገች ልጅም እንደሌሉ መሰላት።

«አላወቃችሁትም አይደል? አገር ስጡኝ» አለች።

«ሉማሜን ውሰጂ፤ የአባቴ ነው።»

«አልፈልግም።»

«ደጀንን ልስጥሽ? ከነዓባይ ድልድዩ!»

«ቢቸናን ስጠኝ።»

ድምፅዋ ተሰበረ። የባየ ሳቅ ቆመ። «ሰጠሁሽ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«ቢቸና ሄጄ…» ብላ ጀመረች። ከዚያ በኋላ የሚባለው ጠፋት። እማማ ፈንታዬ ጠሩኝ ብላ ተነስታ ገባች።

ሉሊት ግን በቅሎዋን አልረሳቻትም። አባቷ ቤት ባለ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ ባዶ ኮርቻ የጫነች በቅሎ እንዳለች ትዝ አላት። ደወለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት መጽሐፉ በአውቶቡስ ተላከ። ሽፋኑ ሙሉ ነው፤ የገጹ ቁጥር አለ።

«እትዬ፣ ትክክል ነሽ። መጽሐፉ አለ» አለቻት ሉሊት፣ ወፍጮው ስለሚጮህ ጆሮዋ ላይ ተጠግታ። «ግን ያንቺ መስመር መጀመሪያው አይደለም። ገጽ አሥራ አንድ ላይ ነው።»

ይርጋነሽ ርዕሱን አየችው። ጎረቤቷን ዕድሜ ልኳን በቅጽል ስሙ ስትጠራ ኖራ የክርስትና ስሙን በፍትሐቱ ላይ ሲጠራ የሰማች ያህል ሆነባት። ከበቅሎ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጣ ገለጠችው።

«ከዚህ ቤት የምትወጣው እሷ ነበረች» ይላል የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር።

በቅሎዋ የተጫነችው ለሚስትየዋ ነበር። ኑሮው አልሆነላትም፤ ጓዟን አስራ፣ ጫማዋን አድርጋ ደጅ ቆማለች። ባልየው አልተቆጣትም። «እሺ፣ ትሄጃለሽ» አላት። «ብቻ እናትሽ ዘንድ ደርሼ ነግሬያቸው ልምጣ፤ ድንገት ስትመጪ አይደንግጡ። እስክመለስ ጠብቂኝ።» እሺ አለችው። በእሷ በቅሎ ሄደ። ገጽ አሥር እዚያ ላይ ያልቃል።

ይርጋነሽ መጽሐፉን ከድና ቆየች። ያ ሁሉ ያለቀሱለት ፍቅር አልነበረም። ሴትዮዋ ደጁን የምታየው ናፍቃው ሳይሆን ቃሏን የሚፈታላት ሰው ይመጣ እንደሆነ ነው። ሽማግሌዎቹን የመለሰችው፣ ወንድሞቿን የመለሰችው፣ «እስክመለስ» ስለተባለች ነው። እኔስ ስንት ዓመት የታገሥኩት በማን ቃል ነው አለች።

በዚያው ቀን፣ ለምሳ ወፍጮው ሲቆም፣ የሻውን አስቀምጣ ነገረችው። ንባብ ቤቱን፣ ዘሪቱን፣ ሰኞን።

«እሺ» አለ የሻው።

«እሺ አትበለኝ!»

ደነገጠ። «ታዲያ ምን ልበል? እምቢ ልበል?»

«እምቢ በለኝ እስኪ! አንድ ቀን እምቢ ብትለኝ ተጣልቼህ እሄድ ነበር።»

የሻው ቅንድቡ ላይ ያለውን ዱቄት ጠረገ። «እምቢ አልልሽም» አለ በመጨረሻ። «ለእናቴ ሰው እፈልጋለሁ። ሂጂ።»

አደረገውም። ቅዳሜ አምሳለች የምትባል ዘመዱን ከገጠር አመጣ፤ እጇ ንጹሕ፣ አንደበቷ ለስላሳ ሴት ናት። እሑድ ይርጋነሽ ሻንጣዋን አዘጋጀች። እማማ ፈንታዬን አጥባ፣ ጸጉራቸውን ቅቤ ቀብታ፣ ቢቸና እንደምትሄድ ነገረቻቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሰኞ ማለዳ መብራት የለም። ወፍጮው ዝም ብሏል። የሻው ሻንጣውን አንጠልጥሎ በሩ ላይ ቆሟል፤ ከመናኸሪያው የአውቶቡሱ ጥሩንባ ይሰማል። አምሳለች አጥሚቱን በማንኪያ ወደ እማማ ፈንታዬ አፍ አቀረበች። አፋቸው አልተከፈተም። አጥሚቱ በአገጫቸው ወርዶ አንገታቸው ሥር ገባ።

«እማማ በሞቴ፣ አንዲት ማንኪያ ብቻ» አለች አምሳለች።

እማማ ፈንታዬ እሷን አላዩም። በትከሻዋ ላይ አሳልፈው ጫማ ያደረገችውን ይርጋነሽን ያያሉ። አላለቀሱም፣ አልተማጠኑም። አፋቸውን ብቻ ዘጉ።

«ሂጂ» አለ የሻው። «ትለምዳለች።» ከልቡ ነበር።

ማንም አልያዛትም። በሩ ክፍት ነው፣ ሻንጣው ወጥቷል፣ ባሏ ሂጂ ብሏል። ይርጋነሽ ቆማ ጥሩንባውን ሰማች። ከዚያ ሄዳ ማንኪያውን ከአምሳለች እጅ ተቀበለች። የአሮጊቷ አፍ እንደ ጫጩት ተከፈተ። ሁለተኛ ማንኪያ፣ ሦስተኛ። ሳህኑ ሲያልቅ ጥሩንባውም ርቆ ጠፍቶ ነበር።

«ነገም አውቶቡስ አለ» አለ የሻው፣ ሻንጣውን ቀስ ብሎ እያስቀመጠ።

«አለ» አለችው።

ስልኩን አንስታ ደወለች። «ዘሪቱ፣ አገሩን ለሌላ ሰው ስጪው።» ዘሪቱ ቁጣ ጀመረች፣ ተወችው። «ኮርቻው ባዶ…» አለች ዘሪቱ። አልጨረሰችውም።

ይርጋነሽ ሻንጣውን አልፈታችውም። ከበሩ ጥግ አቆመችውና መጽሐፉን ከላዩ አነሳች። ጫማዋን እንዳደረገች ከመደቡ ጫፍ ተቀምጣ ለእማማ ፈንታዬ ታነብላቸው ጀመር፤ ከገጽ አንድ፣ ከሽፋኑ ቀጥሎ ካለው። አሮጊቷ ጣሪያውን እያዩ ያዳምጣሉ። አምሳለችም ሳህኑን እንደያዘች በር ላይ ቆመች። በቅሎዋ ተጫነች፤ ጓዙ ታሰረ፤ ሚስትየዋ ደጅ ወጣች።

እማማ ፈንታዬ የተሳሰረ ምላሳቸውን አታግለው አንድ ቃል አወጡ።

«ሄደች?»

ይርጋነሽ ጣቷን መስመሩ ላይ አቆመች። «ገና ነች፣ እማዬ። ደጅ ላይ ናት።»

መብራቱ መጣ። የሻው ቀበቶውን አስገብቶ ወፍጮውን ሲያስነሳው ግድግዳው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይርጋነሽ ወደ አሮጊቷ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ካቆመችበት ቀጠለች።