ዲፈረንሻሉ ዝም ያለ ቀን

ልጅ ሳለሁ፣ አዳማ፣ ከአባቴ በፊት ጩኸቱ ይደርስ ነበር። የእሱ ሳይሆን የመኪናው። ከመቂ ሽንኩርት የሚያመላልስባት አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ የኋላ ጎማዋን የሚያዞረው ዲፈረንሻሏ ጥርሱ ተበልቶ፣ ነዳጅ ሲሰጣት ታላዝናለች፤ እግሩን ሲያነሳ ታጉረመርማለች። ከአስፋልቱ ወደ ኮረኮንቹ ስትታጠፍ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማታል። የጎረቤት ልጆች "አልቃሿ መጣች!" እያሉ ይስቁብን ነበር። ይሳቁ! ለእኛ ቤት ያ ጩኸት የእግዜር ስጦታ ነበር።

እናቴ እህቷን የምታየው ተደብቃ ነዋ። አክስቴ ስንዱ ጋሽ ከድር የሚባል የአርሲ ሙስሊም አግብታ ከእኛ ቤት ዝቅ ብላ፣ እዚያው መንገድ ላይ ትኖር ነበር። አባቴ "እሷ ቤቴ አትድረስ፣ አንቺም እዚያ እንዳትታዪ" ብሎ ከልክሏል። እሱ ራሱ ሽንኩርቱን የሚያስረክበው ለማን መሰላችሁ? ለሙስሊም ነጋዴዎች! ከእነሱ ጋር ሲስቅ ሲጫወት ይውላል። ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል።

እሱ መቂ ሲወርድ እናቴ ሹልክ ትላለች። እህትማማቾቹ ሥጋ አብረው ስለማይበሉ ቲማቲም በቃሪያ ከትፈው ከአንድ ሳህን ይበላሉ። ከዚያ አክስቴ ቅቤ ቅቤ በሚሸት እጇ ሹሩባ ትሠራታለች። እናቴ እዚያ እንደምትስቀው ቤታችን ውስጥ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። እኔ ደጅ ሱዚ እየዘለልኩ ጆሮዬን አቆማለሁ። መኪናዋ ማላዘን ስትጀምር "እማዬ፣ መጣ!" እላለሁ፤ ሻሿን ጠምጥማ በጓሮ ትበራለች።

አባቴ "ይቺን ነገር ላሠራት" ባለ ቁጥር እናቴ "ኧረ ተዋት፣ መቼ ቆመችብህ?" ትለው ነበር። አንድ ቀን ግን ሳይነግረን ሞጆ ጋራዥ አስገብቶ ጥርሱን አስቀየረው። እኔ ሱዚዬን እየዘለልኩ ምንም አልሰማሁም። እሱ ግን በአክስቴ ቤት በኩል ሲያልፍ፣ መኪናዋ ዝም ስላለች የእናቴን ሳቅ ሰማ። ዞር ስል እፊቴ ቆሟል።

እናቴ ግማሽ ጭንቅላቷ ተሠርቶ ግማሹ እንደተበተነ ወጣች። ጎረቤት ሁሉ እያየ! አልመታትም። ቤት ወስዶ እኔንና ወንድሜን ፊቷ አቆመንና "በእነዚህ ልጆች ማይ" አላት። እጇን አናታችን ላይ ጭና፣ የስንዱን ደጅ ላትረግጥ፣ የራሷንም ላታስረግጣት ማለች።

ከዚያ በኋላ እህትማማቾቹ የሚገናኙት ገበያ ላይ ብቻ ሆነ፤ እሱም ከሰላምታ አያልፍም። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። ነፍሱን ይማር እላለሁ፣ ግን ከአንገት በላይ ነው።

አሁን እኔም መኪና አለኝ፤ የዛሬ መኪና መምጣቱም አይታወቅም። ልጆቼ ስገባ ከጨዋታቸው ቀና አይሉም፤ ደስ ይለኛል። እናቴን ግን "አባዬ የለ፣ መሐላው ምን ያደርግልሻል?" ብላት ብላት "የማልኩት በእሱ መሰለሽ? በእናንተ እኮ ነው!" ትለኛለች። እኔ ይኸው የልጆች እናት ሆኜም ትፈራልኛለች።

ባለፈው እሑድ፣ አክስቴ ታማ አልጋ ላይ ከዋለች በኋላ፣ እናቴን በመኪናዬ እሷ ቤት ወሰድኳት። በሩ ላይ ስንደርስ አልወርድም አለች። ጋሽ ከድር ወጥቶ "ኧረ በአላህ ግቢ፣ እህቴ!" እያለ ለመናት። ራሷን ነቀነቀች። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ "ስንዱ! ስንዱዬ!" ብላ ተጣራች። ከውስጥ የደከመ ድምፅ "አቤት" አለ።

እንዲደማመጡ ሞተሩን አጠፋሁላቸው።