መልስ የማይጠብቅ ስልክ

አክስቴ ካርቲየ 6 በሚባል ሰፈር ጨርቅ ትሸጣለች። ድሬዳዋ ያለችው ታላቅ እህቷ ጆሮዋ ጨርሶ ከተደፈነ ወዲህ የስልክ ወሬያቸው ቀረ፤ አክስቴም ሆዷ ባባ። እህትየው ማንበብ መጻፍ ታውቃለች፣ አክስቴ ግን ፊደል አልቆጠረችም። እኔ ልጻፍልሽ ስላት እምቢ አለች፤ ታሳጥሪዋለሽ ብላ ነው። እውነቷን ነው፣ አሳጥራለሁ። የእሷን ወሬ ሳያሳጥር ለሚጽፍ ሰው ደመወዝ ይገባዋል።

ስለዚህ የሚነግሩትን የሚጽፍ ፕሮግራም ስልኳ ላይ ጫንኩላት። የቀድሞው ዓይነት በየቃሉ ቆም እያሉ ካልነገሩት አይገባውም ነበር። ይኼኛው ገና ጀማሪ ቢሆንም ንግግሩን እንደወረደ ተከትሎ ይጽፋል ተባለ። አንድ ክፉ አመል ግን አለው፤ ትንሽ ዝም ካሉት ጨረሱ ብሎ ይዘጋል።

ከቢሮ ስወጣ ሱቋ ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስልኩን አፏ ሥር ያዘችና "እንዴት ነሽ እህቴ?" ብላ ጠበቀች። ተዘጋ። ከፈትኩላት። "ደህና ነሽ ወይ?" አሁንም ጠበቀች፣ አሁንም ተዘጋ።

"አትቁሚ፣ ዝም ብለሽ ቀጥዪ" አልኳት፤ ደሜ ፈልቷል።

"ሳትመልስልኝ? አቦ፣ እንደዚህ ስድ ነኝ እንዴ?"

በመጨረሻ መላ መጣልኝ። እሷ ስትጠይቅ እኔ በእህቷ ቦታ ሆኜ መመለስ ጀመርኩ። እንቅልፍሽስ? ደህና። ጤናሽስ? አልሐምዱሊላህ። አክስቴ ፊቷ በራ፤ ሰላምታው በወጉ አለቀና ስለ ሙቀቱ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ጎረቤት ሰርግ ታወርደው ጀመር። ፕሮግራሙ ማን እንደሚናገር ስለማይለይ የሁለታችንንም አንድ ላይ ጻፈ፤ እኔም ሳላየው ላክሁት።

በማግስቱ የመጣውን መልስ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

"ደህና ነኝ ያለሽ ማን ነው? ቤቱ በሰው ሲሞላ አፍ አፋቸውን እያየሁ አብሬ እስቃለሁ፤ ምን እንዳሉ አላውቅም። ጆሮዬ ከሄደ ወዲህ እንዴት ነሽ ያለኝ ሰው የለም። አንቺ ጠየቅሽኝ፣ መልሱንም ራስሽ መለስሽው። እንደገና ጠይቂኝ።"

አክስቴ ስልኩን ተቀብላኝ "እንዴት ነሽ እህቴ?" አለች። ዝም አለች፤ ተዘጋ።

"ላኪው" አለችኝ።

"ይኼን ብቻ?"

"መጀመሪያ ትመልስልኝ።"