የሁዳዴ ላም

ተናኜን የማያውቅ ሰው ገርጂ ውስጥ ካለ፣ ያ ሰው እንግዳ ነው። እኔ ሰኪና አጥር ለአጥር ተጎራብቼያት ስለኖርኩ፣ ስታስነጥስ «ይማርሽ» የምላት ከቤቴ ሳልወጣ ነበር። ዛሬ ደጇ ላይ የተደረደሩትን ላሞች እያዩ «ይቺ ሴትዮ ዕድለኛ ናት» የሚሉ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ደሜ ይፈላል። የምን ዕድል! ያን ሁዳዴ የት ነበራችሁ?

ነገሩ በ1981 ነው። ያኔ ገርጂ ማለት ሜዳ ነበር። ከመገናኛ በእግር ስንመጣ ግራና ቀኙ ሣር፣ ክረምት ሲሆን ጭቃ፣ ሲመሽ ጅብ። ተናኜ ትንሽ ሱቅ ነበራት። ስኳር፣ ሳሙና፣ ጨው፣ ክብሪት ትሸጣለች፤ ከደንበኛ ጋር እየሳቀች ስትጫወት ሚዛኗ ንቅንቅ አይልም። በኋላ ስኳሩም ሳሙናውም በቀበሌ ሱቅ በራሽን ብቻ የሚታደል ሆነና መደርደሪያዋ ባዶውን ቀረ። ክብሪት ብቻ ሸጦ ማን ይኖራል? ባሏ ጋሽ ሽፈራው የመሥሪያ ቤት ዘበኛ ነው፤ ደሞዙ ከእጅ ወደ አፍ። እሷ ታዲያ ቁጭ ብላ አላለቀሰችም። ሚዛኗንም መደርደሪያዋንም ሸጠችና አንድ ቀን ላም እየነዳች መጣች። ዳልቻ ላም፣ ሰሞኑን የወለደች፣ ጡቷ የተወጠረ።

ላሚቱስ ጥሩ። ግን መቼ ገዛቻት? ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው!

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «አንቺ ሴት፣ ክርስቲያኗ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?» አልኳት።

«ርካሽ ነበረች» አለችኝ።

«ርካሽማ ትሆናለች! ወተት ጠጪው ሁሉ አፉን ሊዘጋ ነው እኮ! ሻጩ ይሄኔ ቤቱ ገብቶ በሳቅ ይንፈራፈራል።»

«ይሳቅ። በፋሲካ ሰሞን ብሄድ ዋጋዋን አልችለውም። እኔ ጾሙን ላሻግራት፣ ከዚያ በኋላ እሷ እኔን ታሻግረኛለች።»

ወላሂ፣ እንዲህ ስትል ደስ አለችኝ። ጋሽ ሽፈራው ግን ደስ አላለውም። «ላም አለኝ በሰማይ ሲባል ሰምቻለሁ» አለ ግቢው መሃል ቆሞ፣ «የኛይቱ ደጃችን ቆማ ነው ወተቷን የማናየው!» ቀጠለና ፍርዱን ሰጠ። ለፋሲካ የሠፈሩ ሰው ለቅርጫ የሚታረድ ከብት ይፈልጋል። ላሚቱ እስከዚያ ድረስ የፉርሽካዋንና የድርቆሿን ዋጋ ራሷ ካላወጣች፣ ለቅርጫ ትሰጣለች። በቃ። ጋሽ ሽፈራው ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ካለ አለ ነው።

ጾሙ ገባ። ያ የሱቋ ደንበኛ ሁሉ ተናኜን ሲያይ መንገድ ይቀይር ጀመር። ላም ደግሞ አትጾምም፤ ጧትም ትሰጣለች፣ ማታም ትሰጣለች። እኔ እገዛለሁ፣ ሌሎች ጥቂት እስላም ቤቶችም ይገዛሉ፤ የሚተርፈውን እየናጠች ቅቤውን ታስቀምጣለች። ግን ቅቤው ለፋሲካ ነው፣ ፉርሽካው ለዛሬ ነው።

ከክርስቲያኑ ወገን የሚገዛት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ አምደሚካኤል። ስሙ የሚካኤል ዓምድ፣ ሥራው ግን በየስብሰባው «ጾም የፊውዳሉ ሥርዓት ርዝራዥ ነው» እያለ መጮህ። ሁዳዴ የገባ ዕለት ሰው በተሰበሰበበት ተነሥቶ፣ «ጓዲት ተናኜ፣ ለኔ በየቀኑ አንድ ሊትር!» አለ። ሴቶቹ አማተቡ። ተናኜ ግን «እሺ ጓድ» ብላ በየቀኑ ታደርሳለች፤ ሚስቱ ትበርህ በጓሮ በር ብቅ ብላ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ትቀበላታለች።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ተናኜ የራሷን ላም ወተት ቀምሳው አታውቅም! በቅበላው ሳምንት ገና እንገሩ ነበር፣ ከዚያ ጾም ገባ። ታልባለች፣ ታፈላለች፣ ትቀዳለች፤ ጣዕሙን ግን አታውቀውም። ስለዚህ በየጧቱ በአጥር ላይ ብርጭቆ ታቀብለኝና «ሰኪናዬ፣ እስቲ ምላስሽን አውሺኝ» ትለኛለች። እኔም እንደ ሐኪም ግንባሬን ቋጥሬ እቀምስና «አልሐምዱሊላህ፣ ማር ነው» እላታለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጧት ብቻ፣ ላሚቱ ገመድ በጥሳ ከወንዙ ዳር ምን እንደሆነ የማላውቀውን ቅጠል ግጣ አድራ፣ ወተቱ መረረ። የሚገርመው ሽታው ደህና፣ አፍ ላይም ደህና፤ ከተዋጠ በኋላ ነው ጉሮሮ ላይ ተቀምጦ የሚያንገሸግሸው። ያን ቀን ሁሉንም ደፋችው። «መራራ ከምሸጥ ባዶዬን ብገባ ይሻላል» አለችና ቤቷ ገብታ አለቀሰች። አጥር አይሸሽግም፣ ሰምቻታለሁ።

ፉርሽካው እያለቀ፣ ጋሽ ሽፈራው የቅርጫውን ሰዎች ማነጋገር ሲጀምር፣ በደብረ ዘይት ሳምንት ረመዳን ገባ። በዚያ ዓመት ሁለቱ ጾሞች ገጥመው ነበር። እኔ ሩዋንዳ ሠፈር አንድ የዐረብ ዲፕሎማት ቤት ልብስ አጥባለሁ። ማዳሟ ማፍጠሪያ ላይ የዱቄት ወተት ሰልችቷት ስትነጫነጭ ሰማኋትና ጣልቃ ገባሁ። «ላም የሚያልብ ሰው አውቃለሁ» አልኳት። «ነገ አምጪልኝ» አለች፣ «ጥሩ ከሆነ ረመዳኑን ሙሉ፣ ከዚያም በኋላ። መጥፎ ከሆነ ግን ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።»

ያን ማታ አጥሩን ልዘለው ምንም አልቀረኝም። «ተናኜ! ያንቺ ጾም የዘጋብሽን በር የኔ ጾም ከፈተልሽ!» ተቃቅፈን ስንዘል ዳልቻ ራሷ ደንግጣ አየችን።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ግን ተናኜ ፊቷ ዐመድ መስሎ መጣች። ላሚቱ ቀን ላይ እንደገና አምልጣ ወንዙ ዳር ተገኝታለች። ያንን ቅጠል ትብላው አትብላው የሚያውቅ የለም። ወተቱ ታልቧል፤ ጀምበር ሳትጠልቅ ሩዋንዳ መድረስ አለበት። «ሰኪናዬ፣ ምላስሽን» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ረስታው ነበር። እኔም ጾመኛ!

ለወጥ ሠሪ በምላስ ጫፍ ቀምሶ መትፋት ይፈቀዳል ሲሉ ሰምቻለሁ። ይሄ ግን ካልተዋጠ አይታወቅ። ጋሽ ሽፈራው ጾመኛ። ግራ ጎረቤት ጾመኛ፣ ቀኝ ጎረቤት ጾመኛ። ለአንዲት ሕፃን ሰጠናት፣ ግጥም አድርጋ ጠጣችና «ጨምሩልኝ» አለች። ሕፃን ደግሞ ምን ያውቃል፣ ስኳር ካለው ጭቃም ይጠጣል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ! አንድ ሠፈር ሙሉ ሰው፣ አንድ ጉንጭ ወተት የሚውጥ ጠፋ።

«ኧረ አለ!» አልኩ እኔ። «ጓድ አምደሚካኤል!»

ወተቱን በጆግ፣ ብርጭቆውን በእጄ ይዤ ተያይዘን ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሮጥን። ጓድ ብቻውን አልነበረም። ከቀበሌው በላይ ካለው ከፍተኛ የመጣ አንድ ሪዛም ሰውዬ ወንበሩን ሞልቶ ተቀምጧል። ተናኜ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቅርታ ያድርጉልን፣ ይህን ወተት አንዴ ይቅመሱልን። መረረ ወይስ አልመረረ፣ አንድ ቃል ብቻ። ሁላችንም ጾመኞች ነን፣ ከርስዎ በቀር ማን አለን?» አለችው።

ጓድ ብርጭቆውን ተቀበለ። ሪዛሙ ፈገግ ብሎ ያየዋል።

«አሁን ገና ምሳ በልቼ...» አለ ጓድ።

«አንድ ጉንጭ እኮ ናት!» አልኩ እኔ።

«ጨጓራዬንም ትንሽ...»

«ወተት ለጨጓራ መድኃኒት ነው!» አልኩ ደግሞ። አቤት ይቺ ምላሴ! ምነው ያን ቀን በተቆረጠች!

ሪዛሙ ሰውዬ ፈገግታውን ሰበሰበና «ምነው ጓድ፣ ጾመኛ ሆንክ እንዴ?» አለው። ያኔ ይቺ ጥያቄ ቀልድ አልነበረችም፤ ወንበር ታስነጥቃለች። ጓድ አምደሚካኤል ብርጭቆውን ወደ አፉ አነሣ። ከንፈሩ ድምፅ ሳያወጣ ይንቀሳቀሳል። እኔ ምኑም አልገባኝም። ተናኜ ግን ከሱ ከንፈር ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። ድንገት ዘላ ብርጭቆውን ከእጁ ነጠቀችው።

«ውይ፣ በሞትኩት! ለካ ሳላፈላው ነው ያመጣሁት! ጥሬ ወተት አጠጥቼ ሊቀመንበራችንን ላሳምም ነው?»

በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ። ጀምበሯ እየወረደች፣ ላሟ ቢላዋ እየተሳለላት፣ የመጨረሻዋን ምላስ በገዛ እጇ ስታባርር! ሪዛሙ ሰውዬ ግን እጁን ዘረጋ። «የምን ጥሬ ነው የምትይው? እኔ ከጥጃ ጋር እየተሻማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ወዲህ በይው!» አለና አንደቀደቀው።

ሦስታችንም ጉሮሮውን አየን። ዋጠ። ጠበቅን። አሁንም ጠበቅን።

«ምነው አፈጠጣችሁብኝ?» አለ ሪዙን እየጠረገ።

«አልመረረዎትም?» አለች ተናኜ።

«ምኑ ነው የሚመረው! ማር ነው እንጂ። ድገሚኝ!»

ሁለተኛውን ቀድታለት በሩጫ ወጣን። ደጅ እንደደረስን ክንዷን ያዝኳት። «አብደሻል? ሰውዬው ሊቀምስልሽ ሲል ነጠቅሽው?»

«ሰኪና» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እሱ ጾመኛ ነው። ከንፈሩ ላይ 'ይቅር በለኝ' ሲል አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ በየቀኑ የሚወስደው ወተትስ?»

«እሱን የሱና የሚስቱ ሆድ ይፍጀው። ሰውን ጾሙን አስፈትቼ የምሸጠው ወተት ምን በረከት አለው? ላሜ ትታረድ።» ይህን ስትለኝ እንባዬ መጣ። እኔ ነኝ ያለሁ ጾመኛ፣ የሷ ጾም በልጦኝ ተገኘ። ግን ለማልቀስ ጊዜ አልነበረንም፤ እስከ ሩዋንዳ የሮጥነው ሩጫ ዛሬም ጉልበቴ ላይ አለ። አዛን ሊል ሲል ደረስን።

ማዳሟ ወደደችው። በማግስቱ ጎረቤቷ ጠየቀች፣ ከዚያ የጎረቤቷ ጎረቤት። ጋሽ ሽፈራው ስለ ቅርጫው ማንሣት ተወና አንድ ቀን፣ ማንም ሳያዘው፣ ድርቆሽ ተሸክሞ ሲመጣ አየሁት። እኔ እንዳየሁት ሲያይ «ለመንገድ ነው» አለኝ። ድርቆሽ ለመንገድ!

የቅዳሜ ሹር ዕለት ትበርህ በጓሮ በር መጣች፤ በነጠላዋ ሥር ደህና ማሰሮ ይዛ። ተናኜ ከፈተችው፤ እስከ አፉ ቅቤ ነው። «ያንቺው ወተት ነው» አለች ትበርህ። «ሁዳዴውን ሙሉ አንድ ጠብታ ቤታችን ውስጥ የጠጣ የለም። አምደሚካኤል 'ለተናኜ ውሰጂላት፣ እሷ ታውቃለች' ብሎኝ ነው።» ተናኜ ግማሹን መለሰችላት፤ ያለ ቅቤ ምን ዶሮ አለ ብላ።

የፋሲካ ጧት «እንኳን አደረሳችሁ» ልል ገባሁ። የኔ ጾም ገና አልተፈታም፤ አፌ እንደ ደረቀ ነው። ጋሽ ሽፈራው ለቅርጫ ከታረደው የሌላ ሰው በሬ መደቡን ይዞ መጥቷል። ዳልቻ ደጅ ላይ ቆማ ታመሰኳለች። ተናኜ አንድ ጣሳ ወተት ለመግሪብ ማፍጠሪያዬ ከድና አስቀምጣልኛለች። ለራሷ አንድ ብርጭቆ ቀዳች፣ አማተበች፣ ቀመሰች። ዓይኗ ፈጠጠ።

«ውይ ሰኪና!» አለች። «እንዲህ የሚጣፍጥ ከሆነ እኮ በርካሽ ስሸጥ ከርሜያለሁ!»

በሳቅ ስንፈርስ በሩ ተንኳኳ። ጓድ አምደሚካኤል ነው፤ ያንን ካኪ ልብሱን ትቶ በነጭ ሸሚዝ። አልተቀመጠም። ተናኜ ምንም ሳትጠይቀው ቀድታ ሰጠችው። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቀስ እያለ፣ እስከ ታች ጠጣው። ብርጭቆውን መለሰላት።

«ጓዲት ተናኜ» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ከነገ ጀምሮ ሁለት ሊትር አድርጊው። አሁን የምጠጣው እኔ ነኝ።»