የሐላዋው ክዳን

የእህቴ ልጅ ሜሮን ባለፈው ሳምንት ቡችላ አቅፋ ጎንደር ቤቴ መጣች። እጇ ውስጥ የምትይዛት ትንሽ ፕላስቲክ አለች፤ ስትጫናት «ቀጭ» ትላለች። ቡችላው ቁጭ ሲል ቀጭ፣ ከዚያ ቁራሽ ሥጋ። «ክሊከር ይባላል፣ አክስቴ። ዱላ የለ፣ ቁጣ የለ» አለችኝ፣ አዲስ ነገር እንደምታስተምረኝ ሁሉ። ሳቄ መጣ። እኔ ይህን ትምህርት የጨረስኩት እሷ ሳትወለድ፣ መተማ ቆላ፣ በሐላዋ ቆርቆሮ ክዳን ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ወደ አጎቴ ወደ ጋሽ ደምሌ የሰሊጥ እርሻ ወረድኩ፤ ለሠራተኞቹ የሚያበስሉትን ሴቶች እንዳግዝ ነበር። ክረምቱ ገብቶ ስለነበር የዋልካው ጭቃ ጫማ ይዞ ያስቀራል፣ ሙቀቱ ከረፋዱ ጀምሮ ያዝላል። ምግባችን የማሽላ እንጀራና ወይካ፣ ማለትም የደረቀ ባሚያ ወጥ ነው። ሐላዋ ደግሞ ከሱዳን በቆርቆሮ ይመጣልናል። የኛው ሰሊጥ ድንበር ተሻግሮ፣ ስኳር ጠጥቶ ይመለሳል ማለት ነው። እንደ አንዳንድ ዘመዶቻችን፣ ወጣ ብሎ ሲመለስ ይወደዳል።

እርሻው ላይ አንድ ቀይ ውሻ ነበረ። አጎቴ «አትመነው» ብለውታል። በኛ አገር የውሻ ስም ለሰው መልእክት ማስተላለፊያም ነውና፣ ነገሩ የተወረወረው በተጣሉት ሸሪካቸው ላይ ነበር። ውሻው ግን ስሙን የምር ወሰደው። የሆነ ቦታ ዱላ ጠግቦ የመጣ ስለሆነ ዱላ የያዘ ሰው ካየ አይምርም። ዱላ ያልያዘ የቀን ሠራተኛ ደግሞ ቆላ ውስጥ ከየት ይገኛል? ከጎጃም የመጣውን በላይን ገና በደረሰ ቀን ባቱን ዘነጠለው።

«ደግሞ አንድ ሰው ከነከሰ በጥይት ነው የምለው» አሉ አጎቴ። ጨካኝ ሆነው አይደለም። የደረሰ ሰሊጥ በጊዜው ካልታጨደ ይረግፋል፤ «እዚያ እርሻ በውሻ ያስበላሉ» ከተባለ ደግሞ አጫጅ አይመጣም። እኔ ግን ውሻውን ወድጄዋለሁ። ሲሞት ማየት አልቻልኩም።

ክዳኑን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። የሐላዋውን ቆርቆሮ ስከድን መሃሉ ጎድጎድ ብሎ «ቀጭ» ይላል፣ ከዚያ ጣቴ ላይ የቀረውን ለአትመነው አስልሰዋለሁ። ሲሰነብት ቀጭታውን ሲሰማ ከየትም ሮጦ መምጣት ጀመረ። ያኔ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ዱላ የያዘ ሰው ከሩቅ ሲያልፍ ከውሻው ጋር እቆማለሁ። አይቶት ዝም ካለ ቀጭ፣ ከዚያ ወይካ የነካ ቁራሽ እንጀራ። ካጉረመረመ አልቆጣውም፣ ራቅ እንላለን። በአፌ «አትመነው» እያልኩ በሆዴ እመነኝ ብዬ ስለምነው ያዩት ወጥ ሠሪዋ እማማ ጥሩዬ፣ «ውሻ በበላበት ይጮሃል ሲባል ሰምቻለሁ፤ በበላበት ዝም ሲል ግን ገና ዛሬ አየሁ» አሉ።

አንድ ቅዳሜ ማምሻውን ልብስ ካጠብኩበት ወንዝ ስመለስ ሠራተኞቹ ዘፈን ይዘዋል። በላይ ክዳኑን አንስቶ ምት ይመታበታል። ቀጭ ቀጭ፣ ቀጭ ቀጭ። ውሻው መጀመሪያ እየሮጠ ይመጣ ነበር አሉኝ፤ መጥቶ ሲያጣ፣ ተመልሶ ሲመጣ፣ ሰዉም ሲስቅ። እኔ ስደርስ ጀርባውን ሰጥቶ ተኝቷል። በማግስቱ ክዳኑን ብጫነው ቀና እንኳ አላለም።

አለቀስኩ። በላይ ላይም ጮህኩበት።

«ክዳን አይደለም እንዴ? ምን ሰበርሁ?» አለኝ።

«ቀጭ ማለት እሰጥሃለሁ ማለት ነው። ስትጠራው አምሽተህ ባዶውን ሰደድከው!»

ባቱ ላይ ያለውን ጠባሳ አከከ። «እንዲያ ከሆነስ የዋሸሁት እኔ ነኛ! አምጭው እስቲ ክዳኑን። እኔው እታረቀዋለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ከምሳው ቁራሽ እያስቀረ፣ ራቅ ብሎ ተቀምጦ፣ ፊቱን ዞር አድርጎ ቀጭ ያደርግና ይወረውርለታል። አትመነው መጀመሪያ የሚበላው በላይ ተነሥቶ ሲሄድ ነበር። ቆይቶ አጠገቡ በላ። ሌሎቹም ጀመሩ፤ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ያጎርሱታል።

አጨዳው ሲደርስ አዲስ አጫጆች በትራክተር ተሳቢ ተጭነው መጡ። ዱላቸውን እንደያዙ ዱብ ዱብ ሲሉ አትመነው ተወረወረ። ስሙን እየጮህኩ ጠራሁት፣ አልሰማኝም። አጎቴ ጠመንጃቸውን አነሱ። ክዳኑ እኔ ዘንድ አልነበረም።

«ቀጭ» አለ ከሰሊጡ ዳር።

ውሻው በሩጫው መሃል ታጠፈ። ሄዶም ከበላይ እግር ሥር፣ ያ የዘነጠለው እግር ሥር ቁጭ አለ። በላይ ኪሱን ዳበሰ፣ ባዶ ነው። ምሳውን የቋጠረበትን ጨርቅ ፈታና ያለውን ሁሉ መሬት ላይ ዘረገፈለት።

«ብላ፣ ወንድሜ። ሁለተኛ አልዋሽህም» አለው።

አጎቴ ጠመንጃቸውን መልሰው አነገቱ። «ለዚህ ሰው ሌላ ምሳ ስጡት» ብለው ወደ ትራክተሩ ሄዱ። አትመነው እዚያው እርሻ ላይ አርጅቶ ሞተ።

ይህን ለሜሮን እየነገርኳት ጓደኛዋ ደወለችላት። እያወራች ፕላስቲኳን ሳታስበው ቀጭ ቀጭ ታደርጋለች። ቡችላው ከበረንዳው ሮጦ መጣና ፊቷ ቁጭ ብሎ አንጋጦ ያያታል። በዕድሜዬ ቃሉን የሚረሳ ሰው ብዙ አይቻለሁ፣ እኔም ረስቼ አውቃለሁ። በላይን ሳስታውስ ግን ተስፋ አልቆርጥም። የተሰበረ እምነት ይጠገናል፤ የሰበረው ሰው ከምሳው ካካፈለ ይጠገናል።

«ልጄ፣ ጠርተሽዋል እኮ» አልኳት።

ቡችላውን አየችው። «ቆይ፣ መልሼ ልደውልልሽ» አለች ለጓደኛዋ፣ ተነሥታም ሥጋ ልታመጣለት ወደ ጓዳ ገባች።