የቡሰልሃም ወይራና የያምና ፍየሎች

በሞሮኮ፣ ከታውናት ከተማ በላይ ባሉት ኮረብቶች፣ ዐይን ሃጅላ በምትባለው መንደራችን፣ ሲ ቡሰልሃምን፣ አቶ ቡሰልሃም እንደ ማለት ነው፣ የማያውቅ የለም። ረጅም ነው፤ ክረምት ከበጋ ያችኑ ቡናማ ጀለቢያውን ይለብሳል፤ ቃል ከአፉ ከወጣ ደግሞ በበሬ ቢጎትቱት አይመለስም። እኔ ጅላሊ የመንደሩ ፒክአፕ ሾፌር ነኝ። ሰውም፣ በግም፣ ወሬም እጭናለሁ። ከጫንኩት ሁሉ የከበደኝ ግን የዚህ ሰው የዘይት ጀሪካን ነው።

ነገሩ የተጀመረው አንዲት የግብርና መሐንዲስ የመንግሥትን ፕሮግራም ይዛ የመጣች ጊዜ ነው። መስጊዱ ደጃፍ ሰበሰበችንና፣ «የወይራ ችግኙም፣ ተከላውም፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውሃም ከመንግሥት ነው። ከእናንተ የምንፈልገው ልቅ ግጦሽ እንድታቆሙ ብቻ ነው» አለች።

ብቻ! እኛ ጋ ስንዴ ከታጨደ በኋላ ማሳ ባለቤት የለውም። በሩ ይከፈታል፤ የሀብታሙም የድሃውም ከብት ገብቶ የቀረውን ገለባ ይግጣል። መሬት የሌላት መበለት ፍየል የምታረባው በዚህ ነው። ማሳ ወይ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ወይ ለሁሉም ዝግ። መሃል የሚባል ነገር አባቶቻችን አላስተማሩንም።

ሰው ሁሉ ሲያመነታ ቡሰልሃም ተነሣ።

«እስከ መቼ ነው ከድንጋይ ጋር የምንታገለው? ልጆቻችን ታንጀር ገብተው የሰው ሳህን ያጥባሉ። ወይራ ከልጅ ይሻላል፤ ጥሎ አይሄድም!»

«የኔ ልጅ አልሄደም፤ ያንተን ማለትህ ነው?» አለ አንዱ ሽማግሌ፤ ሰዉም ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ግን ተስማማን። ቃሉ እንዳይፈርስ ፋቲሃ፣ የቁርኣን መክፈቻ ምዕራፍ፣ ተቀራበት። ዋሱም ጠባቂውም ቡሰልሃም ሆነ።

ቡሰልሃም ያምና የምትባል እህት አለችው፤ የእናት የአባቱ ልጅ። ባሏ ሞቶባት፣ የፍየሎቿን አይብ ገበያ እያወጣች ትኖር ነበር። ከአባታቸው መሬት የሚደርሳትን ድርሻ፣ እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ሴቶች፣ ለወንድሟ ትታለታለች። መሬቱን ለወንድም የተወች ሴት ደጁ አይዘጋባትም ይባላል። እኔም እስከዚያ ዓመት ድረስ አምነው ነበር።

ችግኙ ተተክሎ ገና ጉልበት ሳይደርስ ድርቅ ገባ። ኮረብታው ተላጨ። በመንደሩ የቀረው መኖ ቢኖር በወይራው መካከል ተዘርቶ ከታጨደው ስንዴ የቀረው ገለባ ነበር። አንድ ቀን በማሳው በር ሳልፍ ያምና አንዲት ነጭ ፍየል በገመድ ይዛ ቆማለች፤ ቡሰልሃም ዱላውን ይዞ ከውስጥ ቆሟል። መኪናዬን አቆምኩ።

«ወንድሜ፣ በገመድ ይዤ አንድ በአንድ ላብላቸው። ችግኝ በአፏ የነካችውን እዚሁ አርዳታለሁ።»

«ያምና፣ በእናታችን፣ አታስቸግሪኝ። ዛሬ ያንቺ ከገባ ነገ የመንደሩ ሁሉ ይገባል። ፋቲሃ ተቀርቶበታል!»

«ፋቲሃ የቀራችሁት ፍየሎቼን ለመግደል ነው?»

«ለከብት መኖ የሚሆን የመንግሥት የድጎማ ገብስ እየመጣ ነው፤ ስምሽን አስመዝግቤያለሁ። ትንሽ ታገሺ።»

«እስቲ ለነሱ ንገራቸው፤ ይታገሱ እንደሆነ።»

«ሲ ቡሰልሃም፣ በገመድ ነው እኮ ያለችህ» አልኩ እኔም።

«አንተ መኪናህን ንዳ!»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ደግሞ ክፋት ቢሆን ኖሮ ጠልቼው ዐርፍ ነበር፤ ግን ሰውየው የራሱን በቅሎ እንኳ ከዚያ ገለባ አላቀመሰም። በቅሎዋ አጥንቷ ወጥቶ ነበር።

ያምና ፍየሎቿን በእኔው መኪና ገበያ አወረደች። በድርቅ ጊዜ ፍየል የሚገዛው ሥጋ ሻጭ ነው። ነጯን ለማስረከብ ገመዱን ከእጇ መፍታት አቃታት፤ እኔ ፈታሁላት። ከዚያ ወንድሟን ሳትሰናበት መክነስ ከተማ ሄዳ በሰው ቤት ተቀጠረች።

ገብሱ የመጣው በመከር ዝናብ ነው። የያምና ስም ሲጠራ ቡሰልሃም «አቤት» ብሎ ወጣ፤ ከረጢቱን ተሸክሞ እስከ ቤቷ ወሰደው። በሩ ተቆልፏል። እዚያው ደጃፉ ላይ አስቀምጦት ተመለሰ፤ ዝናብ መታው፤ ገብሱ እዚያው ከረጢቱ ውስጥ በቀለ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ መሐንዲሷም ያኔ መጣች። አንድም ችግኝ ሳይነካ ስታይ ቡሰልሃምን አመሰገነችው። ቀጥላ በዝናብ የጠቆረውን ገለባ በጫማዋ ነካ አድርጋ፣ «ይሄን ሁሉ መኖ ምነው አበሰበሳችሁት? አጭዳችሁ አታበሉም ነበር?» አለች።

«ከልክላችሁን!» አላት።

«እኛ የከለከልነው ልቅ ግጦሽ ነው፤ ማለት የተለቀቀ ከብት። በገመድ የተያዘማ ምን ያደርጋል? ደውለህ ብትጠይቀኝ ኖሮ እነግርህ ነበር።»

ቁጥሯ ስልኩ ላይ ነበር። ቡሰልሃም ጀለቢያውን ሰብስቦ እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እሷ ያመመው መስሏት ውሃ አምጡ አለች።

አሁን ወይራው ያፈራል። እኛ ጋ የመጀመሪያውን ዘይት የምትቀምሰው የቤቱ ሴት ልጅ ናት፤ እህት ካለች እህት። ቡሰልሃም በየዓመቱ የመጀመሪያውን ጭማቂ ጀሪካን ሞልቶ፣ አፉን በጨርቅ አስሮ ይሰጠኛል። እኔም መክነስ ድረስ አደርሰዋለሁ። የመጀመሪያውን ዓመት ጀሪካኑን ሳትነካው፣ «ፍየሎቼ ገለባውን ካልቀመሱ እኔም ዘይቱን አልቀምስም በለው» አለችኝ። እንዳለ መለስኩት። እሱም ሌላ ሰው እንዲበላው አልፈቀደም፤ ጓዳው ውስጥ አኖረው። ከዚያ ወዲህ የሄደው ሁሉ ይመለሳል።

ዘንድሮ ጀሪካኑን ሲጭንልኝ የመኪናውን በር ይዞ ቆየ። ዛፎቹ ስላደጉ ክልከላው ተነሥቷል፤ አጨዳ እንዳበቃ የማሳውን በር የከፈተው እሱ ራሱ ነው።

«ጅላሊ፣ በሩ ክፍት ነው በላት። ለሷ ክፍት ነው በላት።»

አልኳት። ያምና እጇን በሽርጧ እየጠረገች ደጅ ላይ ቆማ ሰማችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ በወደድኩ ነበር። ማታ ስመለስ ቡሰልሃም ከመንደሩ መግቢያ ላይ ጠበቀኝ። ጀሪካኑን አየ፤ ቢሆንም ጠየቀኝ።

«ምን አለች?»

«‹ፍየል የለኝም› አለች።»