በራሱ የሚደውለው ስልክ

ሱሉልታ ውስጥ ላፕቶፕ ይዞ ቤት የሚውል ሰው ሁሉ ስልክ ይጠግናል ተብሎ ይታመናል። የእኔ እንጀራ ለአዲስ አበባ ደንበኞች ድረ ገጽ መሥራት ነው፤ ይህን ለጎረቤት ማስረዳት ግን ከተውኩ ቆይቻለሁ። ቻርጅ እምቢ ያለው፣ ውሃ የገባበት፣ ኮዱ የተረሳው ሁሉ እኔ ቤት ይመጣል። እያጉረመረምኩ እሠራለሁ። እውነቱን ለመናገር ደስም ይለኛል።

ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ ደጃፋችን ላይ በተኛበት አንድ የክረምት ጠዋት፣ ከታች ግቢ የምትኖረው ጎረቤቴ ስልክ በፌስታል ጠቅልላ መጣች። የወንድሟ ነው። ወንድሟ ገላን ፋብሪካ ይሠራ ነበር፤ ወደ ሥራ ሲሄድ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገልብጦ ሞተ። ስልኩ ከኪሱ ሲወጣ መስታወቱ ተሰንጥቆ ነበር እንጂ ይሠራል። ችግሩም መሥራቱ ነው አለችኝ። በራሱ ይደውላል። የሚደውለውም አብረዋት ለሚኖሩት እናታቸው ብቻ ነው። እናትየው ያነሳሉ፣ ያወራሉ፣ ከዚያ ስልካቸውን ታቅፈው ቀጣዩን ይጠብቃሉ፤ ምግብም ትተዋል። ብታጠፋው እሳቸው መልሰው ቻርጅ ላይ ይሰኩታል። እንዳትጥለው ደግሞ ፎቶዎቹ አሉበት።

"እንዳይደውል ብቻ አድርግልኝ" አለችኝ፤ "ሌላ ነገሩን አትንካብኝ።"

መንፈስ ምናምን የሚሉኝ ሰዎች ያበሳጩኛል። ነገሩ የታወቀ ነው፤ የተሰነጠቀ ስክሪን መናኛ ቻርጀር ላይ ሲሰካ ሳይነኩት የተነካ ይመስለዋል። በሙያው "ጎስት ተች" ይሉታል፤ መንፈስ ነካው እንደማለት ነው፤ ስሙን ያወጣውን ሰው ባገኘው የምለው ነበረኝ። ልጁ የእናቱን ቁጥር በአንድ ንክኪ እንዲደውል አድርጎ "እማዬ" ብሎ ስክሪኑ ላይ አስቀምጦታል። ስንጥቁ ልክ በስሙ ላይ ያልፋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ስክሪኑ ለጣት ስለማይታዘዝ መላው ማውዝ ነው፤ በአጭር ገመድ ከስልኩ ጋር ታገናኘውና በቀስቷ ታዘዋለህ። ባትሪው አልቆ ስለነበር መጀመሪያ ቻርጅ ላይ ሰካሁት። ገመዷን ልፈልግ ጀርባዬን ባዞርኩበት ጠረጴዛው ላይ ጥሪ ሰማሁ። ዞር ስል "እማዬ" የሚለው ስም ስክሪኑ ላይ ነው፤ ድምፅ ማጉያውም በርቷል። መንቀል ስችል እጄ እምቢ አለኝ።

"ኢልማ ኮ" አሉ እናትየው፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ስለ ጓሮው ጎመን፣ ስለታመመችው ላም በኦሮምኛ ቀስ ብለው አወሩለት። በየመሀሉ ዝም ይላሉ፤ መልስ እንደሚሰማ ሰው። አንዴ ሳቁ። ምን ሰምተው እንደሳቁ አላውቅም፤ ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም፣ እኔም ትንፋሼን ውጫለሁ። ምክንያቱን ከሥር መሠረቱ አውቀዋለሁ፤ ግን ፈራሁ።

ሲዘጋ ቻርጀሩን ነቅዬ ማውዙን ሰካሁና ስሙን ከስክሪኑ ላይ ጎትቼ አጠፋሁት። ጎረቤቴ አመስግናኝ ወሰደችው። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ከሳምንት በኋላ እናትየው ራሳቸው መጡ። ጋቢያቸው በጭጋጉ ርሷል። ከጉያቸው ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ አወጡ።

"ይቺ ተበላሽታለች መሰለኝ፤ አትጠራም" አሉኝ።

ይቀመጡ እማማ ብላቸው እምቢ አሉ። ስልኳን ከፈትኳት፣ ባትሪዋን አወጣሁ፣ ሲም ካርዷን ጠረግሁ፣ መለስኩ። ምንም አልሆነችም። ይህንኑ ልነግራቸው ስል ፊታቸውን አይቼ ተውኩት። መሥራቷን እንዲያዩ ብዬ ከእሷ ወደ ራሴ ስልክ ደወልኩና ቁጥራቸውን ይዤ መልሼ ደወልኩላቸው።

ስልኳ እጃቸው ላይ ጮኸች። እኔ ስልኬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ፊት ለፊታቸው ቆሜያለሁ፤ እጄን ብዘረጋ እነካቸዋለሁ። አነሱት። ዓይናቸው ከእኔ አልፎ በሩን ያያል።

"ለምን ጠፋህ?" አሉ፤ አሁን በአማርኛ ነው።

ድምፃቸው ሁለቴ መጣብኝ፤ አንዴ ከፊቴ፣ አንዴ ዘግየት ብሎ ከስልኩ። መዝጋት ነበረብኝ።

"እዚህ ኔትወርክ የለም፣ እማዬ" አልኩ።

እንደገባው ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። "እሺ። ሲኖር ደውል።"

ስልኳን ጉያቸው ከተው፣ ስለሠራሁላቸው መርቀውኝ ወጡ። ቁጥራቸው እስከ ዛሬ እኔ ስልክ ውስጥ አለ። ኔትወርኩም ደህና ነው፤ መደወል የፈራሁት እኔ ነኝ።